ቀለሙና በየመንገዱ የሚጠፋው ሞተር

የክትባት ሠራተኛው ቀለሙ ሰው ማመን አይሆንለትም። ቤንዚን በኩፖን በሚታደልበት በደርግ ዘመን፣ የመሥሪያ ቤቱ ዘበኛ ፋንታ ከሞተሩ እየቀዳ ውሃ ይተካበታል ብሎ ጠረጠረው። አንድ ቀን ሞጣ ያሉ ቤተሰቦቹን ሊጠይቅ የፈለገውን ፋንታን አፈናጦ ከቢቸና ወደ ሞጣ ሲሄድ ሞተሩ ትንሽ እየሮጠ መጥፋት አበዛ። ቀለሙ ከኋላው ወደተፈናጠጠው ፋንታ ዞሮ፣

"ይኼ አሻጥር ነው! ሞጣ ስንደርስ ለአብዮት ጥበቃ አስረክብሃለሁ" አለው።

"መጀመሪያ ይመርምሩት እንጂ፣ ጋሼ!"

ቀለሙ የቤንዚኑን ቱቦ ነቅሎ በጠርሙስ ቀዳ። ውሃ ቢኖር ኖሮ ከሥር ይተኛ ነበር፤ ጠብታም የለም። ቤንዚኑ ግን ሲወርድ ቆይቶ ቀጠነና ቆመ። የቤንዚን ታንኩን ክዳን ሲከፍተው አየር "ፉሽ" ብሎ ገባ፤ ቤንዚኑም እንደገና ተንዠቀዠቀ። ለካ ቤንዚን ሲጎድል በምትኩ አየር መግባት አለበት! የሚገባውም በክዳኑ ላይ ባለች ትንሽ ቀዳዳ ነው። ቀዳዳዋን የጧፍ ሰም ደፍኗታል። ትናንት ፋንታ እንዳይከፍተው ብሎ ክዳኑን በሰም ያሸገው ደግሞ ራሱ ቀለሙ ነው።

"ኧረ ጋሼ፣ ሞተርም እንደ ጠላ ጋን ይመረጋል?"

ቀለሙ ቀዳዳዋን በእሾህ ጠርጎ ሞተሩን አስነሣ።

"አብዮት ጥበቃውስ?" አለ ፋንታ።

"ተፈናጠጥ፤ ቤተሰብህ ዘንድ ላድርስህ።"