በልተሻል? ማን አብሮሽ አለ?

ከደብረ ታቦር በወጣሁበት ሌሊት አባቴ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ደላላው ሻንጣዬን ራሱ ተሸክሞ፣ «እህቴ ጥሩዬ፣ እንዳይበርድሽ ነጠላሽን ደርቢ» እያለ እስከ አውቶቡሱ ሲሸኘኝ፣ አባቴ ጆሮዬ ሥር ጎንበስ ብሎ «ይሄ ሰውዬ ለምን እንዲህ ይለሰልሳል?» አለኝ። እኔ እንጃ አልኩት። እናቴ ደግሞ ጭራሽ አልሸኘችኝም፤ የሚሄድ ልጅ ጀርባ አይታይም ብላ በሩን ዘጋችው። ለሱቅ ሥራ ተብዬ የወጣሁት ሴትዮ ዐረብ አገር፣ አጅማን ውስጥ ልጅ በልጅ የሆነ ቤት ሲጠብቀኝ የአባቴ ጥያቄ ያኔ ገባኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይሉ የለ!

ግን ጥርጣሬን በደንብ ያስተማሩኝ ደላላው አይደለም፣ ወገኖቼ ናቸው። በመጣሁ በመጀመሪያው ክረምት አገር ቤት ስደውል አባቴን ማግኘት አቃተኝ። «አባዬን አቅርቡልኝ» ስል አንድ ቀን ማሳ ወርዷል፣ አንድ ቀን ለቅሶ ሄዷል፣ አንድ ቀን ቤተ ክርስቲያን ነው። ክረምቱ እንዲህ አለቀ። ከዚያ አንድ ዓርብ ዘሃራ አጅማን ወዳለው ቢድ ስፔሷ፣ አልጋ ብቻ ወደተከራየችበት የጋራ ክፍል፣ ጠራችኝ። ዘሃራ የወሎ ልጅ ናት፣ ምግብ ቤት ውስጥ የምትሠራ፣ ከእህት የማላሳንሳት ጓደኛዬ። ገና ስገባ «ቁርስ በልተሻል?» አለችኝ። አበሉኝ። ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ተቀመጡ፣ እጄን ያዙ፣ የአባቴን መርዶ ተረዳሁ።

ወጉን ታውቁታላችሁ። በሰው አገር ያለ ሰው ብቻውን ሆኖ፣ በባዶ ሆዱ መርዶ አይሰማም። ደግነት ነው፣ አልክድም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ሰው በለስላሳ ድምፅ ሲያናግረኝ ማን ሞተ እላለሁ። አሠሪዬ ማዳም ስትጮህብኝ እንኳ ይሻለኛል፤ ጩኸት ውስጥ የተደበቀ ነገር የለም።

አሁን ዕድሜዬ ሃምሳን ተሻግሯል። ያለሁት ሻርጃ፣ አል መጃዝ ነው፤ አንዲት አሮጊት አስታምማለሁ። ማማ ነው የምላቸው። የልጃቸውን የማዳምን ስም ረስተዋል፣ እኔን በሞተች እህታቸው ስም ይጠሩኛል፣ እኔም አቤት እላለሁ። በየጊዜው ዱባይ ወዳለ ሆስፒታል እወስዳቸዋለሁ። እዚያ የአንጎልን በሽታ በፎቶ የሚያጠኑ ሐኪሞች አሉ። ዶክተር ኢክላስ የምትባል ሱዳናዊት አንድ ቀን የማማን አንጎል በኮምፒውተር አሳየችኝ። ትዝታ የሚቀመጥበት ቦታ፣ ወቅቱ ያለፈበት የጉና ድንች እንደሚሆነው፣ ተሸብሽቦ አየሁት። «ይሄ ሽብሸባ ሰውየው መርሳት ሳይጀምር በፊት ይታይ እንደሆነ ነው የምናጠናው» አለችኝ። ይሄን ያህሉ ገባኝ፣ አዘንኩም። ሙሽኪላው፣ ችግሩ፣ የመጣው ማዳም አፏን ስትከፍት ነው።

«ቲሩ፣ ጤነኛ ሰውም ይፈልጋሉ። አንቺም ተነሺ።»

«ጤነኛ ሰው ሆስፒታል ምን ይሠራል፣ ማዳም?»

«ለማነጻጸር ነው። ያላ!»

እዚህ አገር ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ እዚህ ፎቶ ማለት ቪዛ ማለት ነው። ለመኖሪያ ፈቃድ ደረታችንን ያነሱናል፣ ሳንባ ላይ የቆየ ጠባሳ የተገኘባት ልጅ ደህና ሰንብቱ ሳትል አገሯ ትገባለች። ደረቴን በግድ ሰጥቻለሁ፣ ጭንቅላቴን ደግሞ በፈቃዴ ልስጥ? ዶክተር ኢክላስን በኩሽና ዐረብኛዬ ያዝኳት።

«ፎቶው ኢሚግሬሽን ይሄዳል?»

«አይሄድም፣ ዋላሂ።»

«ለማዳምስ?»

«ለማዳምም አይነገርም። ያንቺ ነው።»

«ኩላሊቴስ?»

«ኩላሊትሽ ምን ሆነ?»

«አትነኩትም ወይ?»

«ጭንቅላት ነው የምናነሳው፣ ኡኽቲ፣ እህቴ።»

«ታዲያ ልብሴን ለምን አወልቃለሁ?»

መሣሪያው ማግኔት ነው፣ ብረት ይስባል አለችኝ። የብር መስቀሌን ከማተቤ ፈትቼ በእጇ አስቀመጥኩ፤ እስክትመልስልኝ ድረስ ግን ዓይኔን ከእጇ አልነቀልኩም። ቀጥላ አንገቴ ላይ ያለውን ንቅሳት መረመረች፤ አንዳንዱ ቀለም ብረት አለው አለች። ልጅ ሆኜ በእሾህ የተነቀስኩት ጥላሸት ነው፣ ምን ብረት አለው? ንቅሳቴን እንኳ ተጠራጠሩት ብዬ፣ ተጠርጣሪ መሆን እንደዚህ ነው ለካ ብዬ ገባሁ።

ክፍሉ ይበርዳል። ውጭ የነሐሴ ሙቀት ሰው እየቀቀለ፣ እዚያ ውስጥ ግን የጉና ብርድ ነው፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ። ጩኸቱ ደግሞ ወፍጮ ቤት ነው። አገሬ ገብቼ ወረፋ የያዝኩ መስሎኝ ዓይኔን ጨፍኜ እናቴን አሰብኩ። ለፋሲካ ጠቅልዬ ልገባ ነበራ! ማዳምም አውቃለች። እናቴ ክፍሌን አስለስና ትጠብቀኛለች፤ በደወልኩ ቁጥር «ቀኑ አልደረሰም ወይ?» ነው ወሬዋ።

ዐቢይ ጾም ሳይገባ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ማማን እያበላሁ ስልኬ ጮኸ። ዶክተር ኢክላስ ናት።

«ጥሩወርቅ፣ ሀቢብቲ፣ እንዴት አደርሽ? ቁርስ በልተሻል?»

የማማን ማንኪያ ሳህኑ ላይ መለስኩ።

«ማን አብሮሽ አለ?» ቀጠለች፣ ድምፅዋ እንደ ማር ሆኖ። «ነገ እኔ ጋ ነይ። የምታምኛትን ጓደኛ ይዘሽ።»

የቀረውን አልሰማሁም። እናቴ ሞታለች። ሱዳናዊት ሐኪም በምን ሰማች አትበሉኝ፣ እኔ ወዲያው ነው የደረስኩበት። ሆስፒታሉ የቅርብ ሰው ቁጥር ሲጠይቀኝ የሰጠሁት የዘሃራን ነው፤ አገር ቤትም የዘሃራ ቁጥር አላቸው። እነሱ ለዘሃራ ነገሩ፣ ዘሃራ ለዶክተሯ ነገረች። ሆስፒታል የመረጡልኝም ራሴን ብስት ለማንሳት እንዲመቻቸው ነው።

የእናቴ ስልክ ዝግ ነው። ታናሽ እህቴ እናና ጋ ደወልኩ።

«እማዬን ስጪኝ።»

«ቤተ ክርስቲያን ናት።»

«በዚህ ሰዓት?»

«ኪዳን ልታስደርስ። ስትመጣ ትደውልልሻለች፣ የኔ እናት።»

የኔ እናት! እናና ከተወለደች ጀምሮ «አንቺ» ነው የምትለኝ። ቤተ ክርስቲያንም ለአባቴ ጊዜ የተነገረኝ ቤተ ክርስቲያን ነው። ኸላስ፣ አበቃ አልኩ።

በማግስቱ ዘሃራ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ መጣች። ጥቁር አባያ ለብሳለች። ሁልጊዜም ጥቁር አባያ ነው የምትለብሰው፤ ያን ቀን ግን ጥቁረቱ በዛብኝ። በእጇ በወረቀት የተጠቀለለ ዳቦ ይዛለች።

«በልተሻል?» አለችኝ።

«አንቺም?» አልኳት።

ዱባይ ደርሰን ባቡሩ፣ ሜትሮው ውስጥ ዓይን ዓይኗን አየኋት። «ዘሃራ፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ የምታውቂውን ንገሪኝ።»

«ምኑን? አንቺ ነይ አልሽኝ መጣሁ እንጂ እኔ ምን አውቄ!»

አላመንኳትም። እባብ ያየ በልጥ በረየ፣ እኔ ደግሞ እባቡ ነክሶኛል።

ዶክተር ኢክላስ ወንበር ስባ ሰጠችን። በሩን ዘጋች። ውሃ በብርጭቆ ቀዳችልኝ፣ ሶፍት አቀረበች። ከዚህ በኋላ ምን ይጠበቃል? አፏን ሳትከፍት ሻርፔን ወገቤ ላይ አሰርኩና ደረቴን መታሁ። «እናቴን! እናቴን ቀበራችሁብኝ!» ዘሃራ መጀመሪያ ደነገጠች፣ ቀጥላ «ወይኔ እማማ! ወይኔ!» ብላ ከኔ ብሳ አለቀሰች። ነርሷ በሩን በርግዳ ገባች፣ ጥበቃውም ተከተላት። ዶክተሯ መሀላችን ቆማ እጇን ታወናጭፋለች።

«ማን ነው የሞተው?»

«እናቷ!» አለች ዘሃራ።

«ኢናሊላሂ! መቼ? ማን ነገራችሁ?»

«አንቺ!» አልኳት።

ዶክተር ኢክላስ ቁጭ አለች። ዓይኗ እንባ ያቀረረ ይመስለኛል፣ ወይም ሳቅ ነው። «እናትሽን አላውቃትም። የጠራሁሽ ስለ ራስሽ ነው። ፎቶሽ ላይ አንድ ነገር አይተናል።»

«ስለ ራሴ?»

«አዎ።»

«ስለ ራሴ ብቻ?»

«ስለ ራስሽ ብቻ።»

«ተመስገን!» ብዬ እጇን ሳምኩት። ሴትዮዋ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ገጥሟት አያውቅም መሰለኝ፣ ነርሷን አየቻት።

ከዚያ ለጥናት የተነሳ ፎቶ በወረፋ ስለሚነበብ የኔ ተራ ገና አሁን መድረሱን ነግራኝ ነገሩን አስረዳችኝ። አንጎሌን በሸፈነው ስስ ልባስ ላይ ሽንብራ የምታህል እብጠት በቅላለች። እንዲህ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር አይደለም፣ ቀስ ብሎ የሚያድግ ነው፤ አንዳንዱም ዕድሜ ልክ ዝም ብሎ ይቀመጣል። መድኃኒት በደም ሥር ተሰጥቶኝ ሌላ ፎቶ እነሳለሁ፤ ከስድስት ወር በኋላ ደግሞ እንደገና፣ አሮጌውን ከአዲሱ አስተያይተው ማደግ አለማደጓን ያያሉ። ካደገች ጭንቅላት ሳይከፈት፣ ከብዙ አቅጣጫ የሚመጣ ጨረር እሷ ላይ ብቻ እንዲገናኝ አድርገው ያቆሟታል።

«እንዲህ ቀላል ከሆነ ለምን ውሃ ቀዳሽልኝ?» አልኳት።

«እኛም ዘንድ ለእንግዳ ውሃ ይቀዳል» አለችኝ። ጥሩ መልስ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ግን አላመንኩም።

«ለፋሲካ አገሬ ልገባ ነበር።»

«አዲስ አበባም መሣሪያው አለ። ግን እስከ ሁለተኛው ፎቶ እዚህ ብትቆዪልኝ እመርጣለሁ። እኔው ራሴ ልየው።»

ደስታዬ ያኔ ነው የወረደው። ፈራሁ፣ ለምን እዋሻለሁ። ዘሃራ የሰጠችኝን ዳቦ እንዳለ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ወጥተን ጥላ ሥር ስንቀመጥ ለዘሃራ እቆያለሁ አልኳት። እናቴን ግን አናስደነግጣትም። ማዳም ኮንትራት አራዘመችብኝ እንበላት ተባባልን፤ ዘሃራ እናቴን ሆና እየጠየቀችኝ ሁለት ሦስቴ ተለማመድኩት።

ገና ሳንነሳ ስልኬ ጮኸ። እናቴ ናት። እውነትም ትናንት ቤተ ክርስቲያን ነበረች፤ እስካሁን ያልደወለችው መብራት ጠፍቶ ስልኳ ሳይሞላ ቀርቶ ነው።

«እማዬ፣ እንደምን ዋልሽ?» አልኩ። ድምፄን አስተካክያለሁ፣ ሳቅ ጨምሬበታለሁ።

«እግዜር ይመስገን፣ ልጄ።»

«ምሳ በልተሻል?»

«በልቻለሁ።»

«እናና አጠገብሽ አለች?»

ከአፌ ምን እንደወጣ የገባኝ ዘሃራ አፏን በእጇ ስትይዝ ነው።

«የሞተ ሰው አለ?» አለች እናቴ።

«የለም፣ በማርያም! ማዳም ኮንትራቱን...»

«ጥሩዬ።» ድምፅዋ አልተቆጣም። «አባትሽን ስደብቅሽ እኔም ድምፄ እንዲህ ይለሰልስ ነበር።»

እናናን ስትጠራት ሰማኋት። ወንበር ሲጎተት ይሰማኛል።

«ተቀምጫለሁ» አለችኝ። «እናናም እጄን ይዛኛለች። በይ ንገሪኝ።»