ሰሚራን ባሕሩ አልገደላትም

እስካሁን ማመን አቅቶኛል። ዛሬ ጠዋት «ሰሚራ ሞተች» ሲሉኝ «የትኛዋ ሰሚራ?» ነው ያልኩት። ትናንት ማታ ደጃፋችን ላይ ቆማ ስታስቀኝ የነበረች ልጅ ከሰዓት በኋላ ተቀበረች።

ለማታውቋት፣ ሰሚራ የጎረቤታችን የእትዬ ዘሃራ ልጅ ናት። እዚሁ ሰፈራችን ካርቲየ 7 ቢስ ተወልዳ ያደገች፣ ሊሴ፣ ማለት ሁለተኛ ደረጃ፣ የመጨረሻ ዓመት ላይ የደረሰች ዋናተኛ። ፈረንሳይ አገር ዩኒቨርሲቲ ገብታ ለዩኒቨርሲቲው ቡድን መዋኘት ነበር የምትፈልገው። አንድ አሰልጣኝ ቪዲዮ ላኪልኝ ብሏት በዚህ ሳምንት ልቀርጻት ተቀጣጥረን ነበር።

እናቷ ባሕር የፈቀዱላት እኔ አብሬያት እስከሄድኩ ድረስ ነው። ሥራዬ ዳር ቁጭ ብሎ ሻርፕና ጫማ መጠበቅ ነበር። ባሕሩ የሸሸ ቀን ደግሞ ዋና የሚሆን ውሃ ለማግኘት ጭቃ ለጭቃ ብዙ መሄድ አለ። እኔ ስነጫነጭ እሷ ሱሪዋንና ረጅም እጅጌዋን እንደለበሰች ከፊት ከፊት እየሄደች «እሱ ካልመጣ እኛ እንሂድለታ» ትለኛለች።

ከዚያ «ይቺ የመጨረሻ ናት» ትላለች። ዋኝታ ትመለስና ትንፋሿን እንኳን ሳትሰበስብ እንደገና «ይቺ የመጨረሻ ናት» ብላ ትሄዳለች። ፀሐዩ አናቴን እየበሳኝ ስንት የመጨረሻ እንደጠበቅኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

አሁን ደሜን ወዳፈላው ነገር ልምጣ።

ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ሰፈሩ ውሃ ይዞ ነበር። ሰሚራ ጠዋት ዳቦ ልትገዛ ወጣች። ውሃው ከቁርጭምጭሚት አያልፍም። ግን ጥግ ላይ ያለው ባለሱቅ ለፍሪዘሩ ብሎ መንገድ አቋርጦ የዘረጋው የመብራት ገመድ ውሃው ውስጥ ወድቋል። እሷ አላየችውም፤ ውሃውን እንደረገጠች ኤሌክትሪኩ ያዛት።

ገመዱ እንደተላጠ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እኔ ራሴ «ልጆች የሚያልፉበት ነው፣ አንሳው» ብዬዋለሁ። «ነገ አነሳዋለሁ እህቴ፣ ኢንሻአላህ» አለኝ። ሁልጊዜ ነገ። ዛሬ እየሮጥኩ ስደርስ ልጅቷ መሬት ላይ ተኝታ እሱ ገመዱን እየጠቀለለ ነበር። ማንሳት ይችል ነበር ማለት ነው።

ይህ አልበቃው ብሎ ለቅሶ ላይ ምን ሲል ሰማሁት መሰላችሁ? «ዋና አብዝታ ልቧ ደክሞ ነው።» ሰዉም ተቀበለው። «ሴት ልጅ ባሕር ምን ትሠራለች» ብሎ እዚሁ ፌስቡክ ላይ የጻፈም አለ። አንተ ሰውዬ፣ ልጅቷ ዳቦ ልትገዛ ወጥታ ነው የሞተችው። የማታውቀውን አትጻፍ። የልቧ ነገር ከሆነ እኔን ጠይቀኝ፤ የሰሚራን ልብ የሚያህል ልብ እዚህ ሰፈር አልነበረም።

ሰሚራዬ፣ እናትሽ ወሬው ደርሷቸው «እኔ ነኝ ባሕር የፈቀድኩላት፣ እኔ ነኝ የገደልኳት» እያሉ ደረታቸውን ይደቃሉ። ያየሁትን ነግሬያቸዋለሁ፤ እስኪያምኑኝ ደጋግሜ እነግራቸዋለሁ። ነገ ጠዋት ፖሊስ ጋ ሄጄ ስሜን አስመዝግቤ እናገራለሁ።

ደህና ሁኚ እህቴ፣ አላህ በሰፊው ይቀበልሽ። አንቺ ብትሆኚ ይቅር ትዪው ነበር፣ አውቅሻለሁ። ከእኔ ግን አትጠብቂ።