ቀርከሃው ውስጥ የነበረው አባት

ዓሦቹን የተረከብኩት የሥራ ባልደረባዬ ከቡሬ ስትዛወር ነው። የመስታወት ገንዳውን በባጃጅ ጭና፣ ውሃው ግማሹ እግሯ ላይ ፈሶ፣ በር ላይ አስቀምጣልኝ ሄደች። ቀያዮቹና ወርቃማዎቹ በወር ውስጥ አለቁ። የቀሩት ሁለት ቡናማ ፍጥረቶች ናቸው፤ ከጣናው አምባዛ ወገን የሆኑ፣ ከጣት የማይረዝሙ፣ በአፋቸው መስታወቱ ላይ ተለጥፈው አልጌ ሲግጡ የሚውሉ። ወንዱ ጢሙን ያበቀለው ግንባሩ ላይ ነው። እውነቱን ለመናገር አስቀያሚ ናቸው፤ ያቆየኋቸውም መስታወት ከመወልወል ስለሚያሳርፉኝ ነው።

በዚያው ዓመት እናቴ አረፈች። አባቴ ከገበዘ ማርያም ከተማ ወዲያ ባለው የገጠር ቤታችን ብቻቸውን ቀሩ። አርባዋ እንደወጣ ሄጄ ወደ ቡሬ አመጣኋቸው። ፈቃዳቸውን የጠየቅሁ እንዳይመስላችሁ። መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጠሁ፣ ላሟን ጎረቤት ዘንድ አስጠጋሁ፣ በሩን ቆለፍኩ። እናቴ ስትሞት አልደረስኩም ነበር። እሳቸውም እዚያ ብቻቸውን ከዋሉ ካደሩ አንድ ቀን ሞተው አገኛቸዋለሁ ብዬ ፈራሁ።

“መቼ ነው የምመለስ?” ይሉኛል።

“ክረምቱ ይለፍ” እላለሁ። ክረምቱ ሲያልፍ “አጨዳው ይለፍ” አልኩ፤ ቀጥሎ ሌላ ሰበብ አገኘሁ። ኋላ ላይ መጠየቅ ሲያቆሙ የለመዱ መሰለኝና ደስ አለኝ።

ምግብ ግን ይቆነጥሩ ነበር እንጂ አይበሉም። ከክፍላቸውም አይወጡም። እኔ ደግሞ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ማየት አልችልም። “ይውጡ እንጂ አባዬ! ፀሐይ ይሙቁ፣ ቤተ ክርስቲያን ይሳለሙ” እያልኩ እጃቸውን ይዤ እስከ በር አደርሳቸዋለሁ። ሳይከራከሩ ይወጣሉ፤ ዘወር ስል ተመልሰው ይገባሉ።

አንድ ቀን ገንዳው አጠገብ ቆመው አገኘኋቸው።

“የዚህ የባለጢሙ ቤቱ የታለ?”

“ገንዳው ነዋ ቤቱ።”

“ይኸማ ሜዳ ነው” አሉ።

ከአጥሩ የወለቀ ቀርከሃ ፈልገው፣ አንደኛው ጫፉ በአንጓው እንደተዘጋ አንድ ክንድ የማይሞላ ቆረጡ። ቀለሙን እስኪጨርስ ባልዲ ውስጥ ዘፍዝፈው አሰነበቱት፤ ከዚያ ገንዳው ሥር አጋደሙት። ወንዱ ዓሣ በሁለተኛው ቀን ገባበት። አባቴ ሳቁ። ከቀብሩ ወዲህ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ነው።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ዓሣው ከቀርከሃው መውጣት ተወ። የተቀቀለ ጎመን አፉ ሥር አደረግሁለት፤ አልነካም። ዝኩኒ ቆርጬ ሰጠሁት፤ ሴቷ በላችው። ሦስተኛው ቀን አለፈ፣ አራተኛው መጣ። እህል ነጋዴዋ ጎረቤቴ ልትጠይቀን ገብታ ጎንበስ ብላ አየችው።

“ወላሂ፣ ሐዘን ላይ ያለ ነው የሚመስል” አለች። “አውጭው እንጂ፤ ሲሞት ታያለሽ?”

እኛ አገር ሐዘንተኛ ራሱን ዘግቶ ሲቀመጥ ዝም አይባልም። ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ ያወጣዋል፣ ፊቱን ያስታጥበዋል፣ በግድ ያጎርሰዋል። እምቢታውን የሚሰማለት የለም። ይህ ደግነት ለዓሣም እንደሚሠራ አልተጠራጠርኩም። እጄን እስከ ክርኔ ነክሬ ቀርከሃውን አነሳሁና፣ አፉን ወደ ታች ደፍቼ አራገፍኩት።

ዓሣው ወደቀ። ከኋላው የምስር ክክ የመሰለ፣ እርስ በርሱ የተጣበቀ አንድ ጭብጥ እንቁላል ወጥቶ ጠጠሩ ላይ ተበተነ።

“ምነው ልጄ!” አሉ አባቴ ከኋላዬ። ከክፍላቸው መቼ እንደወጡ አላየሁም።

“እንቁላል እንዳለ በምን ልወቅ?”

“እኔ አውቅ ነበር። ሴቷ ጥላ ስትወጣ አይቻለሁ። የሚጠብቀው እሱ ነው፤ በክንፉ ሲያራግብለት ነው የሚውል።”

“ታዲያ አይነግሩኝም ነበር?” ጮህኩባቸው። ያጠፋሁት እኔ፣ የምቆጣው እኔ!

“መች ጠየቅሽኝ” አሉ።

ጎረቤቴ ነጠላዋን አስተካክላ ቀስ ብላ ወጣች። አባቴ እጅጌያቸውን ሰብስበው በማንኪያ እንቁላሉን እየለቀሙ ወደ ቀርከሃው መለሱት። ከዚያ መብራቱን አጥፍተው ገንዳውን በጋቢያቸው ከለሉት።

“ሳይበላ አራት ቀኑ ነው እኮ፣ አባዬ። ይሞታል።”

“መውጣት አቅቶት መሰለሽ? የሱ የሆነው እዚያ ስላለ ነው፣ አንች። ተይው።”

ይህን ሲሉ ወደ ገንዳው ነበር የሚያዩት። እኛ ቤት ዋናው ነገር የሚነገረው እንዲህ ፊት ወደ ሌላ ዞሮ ነው። ስለ ራሳቸውና እኔ ስለቆለፍኩት ቤታቸው እንደሚያወሩ ግን ገባኝ፤ አፈርኩ። ሰባት ወር ሙሉ አባቴን እየጦርኩ ነው ስል ኖሬ፣ ስጦር የኖርኩት የራሴን ፍርሃት ነበር።

ዓሣው አመሻሹ ላይ ተመልሶ ገባ። ከእንቁላሉ አብዛኛው ነጥቶ ተበላሸ። አሥራ አንዱ ተፈለፈሉ፤ ሆዳቸው ቢጫ፣ ከገብስ ፍሬ ያነሱ፣ ወዲያው እንደ አባታቸው መስታወት ላይ የሚለጠፉ። አባቴ በየጧቱ ይቆጥሯቸዋል። እኔ ግን ያን ሁሉ ከተረዳሁ በኋላም ሦስት ሳምንት ዘገየሁ። ማወቅና መልቀቅ ለካ አንድ አይደሉም።

በመጨረሻ “አባዬ፣ ቅዳሜ እንሂድ?” አልኳቸው። ወዴት ብለው አልጠየቁም። ጓዛቸውን ላዘጋጅ ክፍላቸው ስገባ፣ ያመጡት ፌስታል እንደታሰረ ነው። ከመጡ ጀምሮ አልፈቱትም።

በፍኖተ ሰላም አድርገን፣ ሚኒባስ ቀይረን፣ የቀረውን በእግር ሄድን። በቡሬ ሜዳ እጃቸውን ይዤ የማወጣቸው ሰውዬ ቁልፉን ከእጄ ተቀብለው ዳገቱን ጥለውኝ ወጡ። ስደርስ በሩ ተከፍቷል፤ የሸረሪት ድሩን በመጥረጊያ እያወረዱ ነበር። እኔ ደጃፉ ላይ ቆምኩ።

“ግቢ እንጂ። ምን ሆንሽ?”

“እናዬ የለችማ” አልኩ።

መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። “አዎ፣ የለችም” አሉ። “ግቢ።”

ገባሁ። መደቡ ላይ ተቀመጥኩና፣ በቀብሯም በአርባዋም ሰው ሳስተናግድ ያላለቀስኩትን አለቀስኩ። አባቴ አጠገቤ ተቀመጡ። ይብቃሽ አላሉኝም።