የአራሷን ቫይሳሎ ማን ጨረሰው

በእኛ መንደር ፉአቲኖን የማያውቅ ሰው የለም፤ የማይፈራትም የለም። ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው። ቁመቷ ከእኔ ደረት አያልፍም፤ ድምፅዋ ግን መንገድ ማዶ የተኛ አሳማ ያስነሳል። የእናቶች ኮሚቴ ሊቀ መንበር ከሆነች ሃያ ዓመት አልፏታል። ማንም አልመረጣትም የሚሉ አሉ፤ እኔ ጎረቤቷ ስለሆንኩ እንዲህ ያለ ነገር አልናገርም።

አንዲት ሴት ስትወልድ ቀድማ የምትደርሰው ፉአቲኖ ናት። በአንድ እጇ የቫይሳሎ ድስት ትይዛለች፣ የሌላኛውን እጇን ጣት ትቀስራለች። ቫይሳሎ ለጋ ኮኮናት ተፍቆ ከነውሃው የሚፈላ፣ በካሳቫ ዱቄት ወፈር የሚደረግ ነገር ነው፤ አራስ ጡቷ እንዲሞላ ትጠጣዋለች። በየቤቱ ይሠራል። የፉአቲኖን የቀመሰ ባል ግን የሚስቱን ለሁለተኛ ጊዜ አያመሰግንም።

የተቀሰረው ጣት ለክልከላው ነው። ሸርጣን የበላች እናት ልጇ ቆዳውን ሲቧጭር ያድራል። ማንጎ ወተቱን ያኮመጥጠዋል። የቆርቆሮ ሥጋ ሕፃኑን ይነፋዋል። በረዶ የገባበት መጠጥ ሳል ያመጣል። አናናስ ለምን እንደተከለከለ አንድ ቀን ብጠይቃት፣ "አንተ ታጠባለህ?" አለችኝ፤ ነገሩ በዚያው ቀረ። ከሁሉም በላይ የምትጠላው ኦክቶፐስን ነው። ስሙን ስትጠራ እንኳ ድምፅዋ ዝቅ ይላል።

በኦክቶፐስ ግን አልቀልድባትም። ፉአቲኖ በአሥራ ሰባት ዓመቷ የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። ልጁ ሦስተኛ ወሩ ላይ ሆዱን ሲቆርጠው ውሎ ሞተ። የዚያን ዕለት ዋዜማ ባሏ አጥምዶ ያመጣውን ኦክቶፐስ በልታ ነበር። አማቷ ሬሳው አጠገብ ተቀምጣ "ምን በልተሽ ነው?" ብላ ጠየቀቻት፤ ሌላ ምንም አላለችም። ከዚያ በኋላ አምስት ወልዳ አሳድጋለች፣ ባሏንም ቀብራለች፤ ያ ጥያቄ ግን ከውስጧ አልወጣም። እኛ ክልከላዋን ስንሰማ እንስቃለን። እሷ አንድም ቀን ስቃ ከልክላ አታውቅም።

የመጨረሻ ልጇ ታቪታ ከሳቫኢ ደሴት ሴላይና የምትባል ልጅ አገባና አመጣ። ልጅቷ ጭምት ናት፣ ሥራ ስትሠራ ኮቴዋ አይሰማም። ስትፀንስ እሱ ኒውዚላንድ ፖም ለቀማ ሄደ። ፔኒአታ ተወለደ። ፉአቲኖ ሌሎቹን የልጅ ልጆቿን የምታውቃቸው በስልክ ነው፤ ሁሉም ኦክላንድ ናቸው፣ ፊታቸው እየተቆራረጠ "ሃይ አያቴ" ይሏታል። በእጇ የታቀፈችው ፔኒአታን ብቻ ነው።

በወሩ መጀመሪያ ማክሰኞ ሕፃናት በኮሚቴው ቤት ይመዘናሉ። ሚዛኑ ከማገሩ ላይ ይንጠለጠላል፣ ሕፃኑ በጨርቅ ከረጢት ይገባል፣ ነርሷ ኢሊ ቁጥሩን ጮክ ብላ ትጠራለች፣ ፉአቲኖ መዝገቡ ላይ ትጽፋለች። የሌላ ሰው ልጅ ከሲታ ሲሆን እናቲቱን በግራና በቀኝ የምትገስጽ እሷው ናት። አንድ ማክሰኞ የፔኒአታ ተራ ደረሰ።

"አራት ኪሎ ከስድስት" አለች ኢሊ። ድምፅዋን ቀነስ አድርጋ "ባለፈው ወርም ያው ነበር" ስትል ጨመረች።

ሴቶቹ ሁሉ አቀርቅረው የሰሌኑን ዳር መነካካት ጀመሩ። ፉአቲኖ እስክሪብቶዋ አልጽፍ አላት።

"እማማ፣ በሚቀጥለው ወር ካልጨመረ አፒያ ከተማ፣ ሆስፒታል ነው የምልከው" አለች ኢሊ።

የሴላይና እናት ወሬውን ሰምታ ከሳቫኢ ደወለች። ከሆስፒታሉ በፊት ልጄና የልጅ ልጄ በጀልባ ይምጡልኝ፣ እኔ አሳድገዋለሁ አለች። ፉአቲኖ አንድ ወር ለመነች፤ አንድ ወር ተሰጣት። ልጁ ካልጨመረ ባሕሩን ይሻገራል። ፉአቲኖ ስትፈራ ያየኋት ያኔ ነው።

ስትፈራ ደግሞ መርማሪ ትሆናለች። "ቫይሳሎውን በየቀኑ በትልቁ ጎድጓዳ ሳህን እሞላላታለሁ። ወተቱ የት ገባ? ይቺ ልጅ ተደብቃ የሆነ ነገር እየበላች ነው" አለችኝ። ለጥንቃቄ ክልከላው ላይ ቃሪያን፣ የዳቦ ፍሬ የምንለውን የዛፍ ፍሬ እና የተጠበሰ ዓሣን ጨመረችበት። ለሴላይና የቀረላት የተቀቀለ ሙዝና ቫይሳሎ ብቻ ሆነ። ከዚያ አንድ ቀን ፉአቲኖ አትክልት ቦታ እሄዳለሁ ብላ ወጣችና ከቤቱ ጓሮ ካለው ወፍራም ግንድ ኋላ ቆመች።

ቤታችን ግድግዳ የለውም፤ ምሰሶና ጣሪያ ነው። የፉአቲኖ ቤት ደግሞ መንገዱ አፍንጫ ላይ ነው። እዚያ ተቀምጦ የሚበላ ሰው አላፊ አግዳሚውን ሁሉ "ኑ፣ እንብላ" ማለት አለበት። አላፊው ደግሞ "ብሉ፣ አሁን ከማዕድ ተነሳሁ" ብሎ ያልፋል። ሥርዓቱ ይኸው ነው፤ ጠሪውም አይጎዳም፣ ተጠሪውም አይከብድም። የፉአቲኖ ቫይሳሎ ሳህን ውስጥ እስካልታየ ድረስ ማለቴ ነው።

ሴላይና ሳህኗን ይዛ ተቀመጠች። የመንደሩ ሹም አለቃ ሉፔ ጭራውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ብቅ አለ።

"አለቃ፣ ይግቡ፣ እንብላ።"

"ብዪ ልጄ፣ እኔስ አሁን ነው የበላሁት" አለና ሳህኑን አየ። "የማን እጅ ነው?"

"የእማዬ።"

"እንግዲህ እምቢ ብል ትቀየመኛለች።"

ገባ። እሱ ሲወጣ የፓስተሩ ሚስት መጣች፤ ለመቅመስ ብቻ ብላ ሦስት ጊዜ ቀመሰች። በመጨረሻ እኔ መጣሁ። እውነቱን ልናገር፣ የሄድኩበት ጉዳይ አልነበረኝም። የሳህኑን ግርጌ በማንኪያ እየፋቅሁ "አይ የፉአቲኖ እጅ!" አልኩ። ስጨርስ ሴላይና ሳህኑን ተቀበለችኝ፣ ውሃ ጠብ አደረገችበት፣ በጣቷ ዙሪያውን አጠበችና ያንን ጠጣችው። እኔ አፌን እየጠረግሁ ነበር።

ፉአቲኖ ከግንዱ ኋላ ወጣች።

"ኦፌ።"

"አቤት፣ እትዬ።"

"ጣፈጠህ?"

"እ... እንደ ሁልጊዜው።"

"ሁልጊዜው ስንት ቀን ነው?"

"ማክሰኞ ማክሰኞ አልመጣም" አልኳት። እስከ ዛሬ መንደሩ የሚስቅብኝ በዚች መልስ ነው።

ተወችኝና ወደ ምራቷ ዞረች። "ለምን አልነገርሽኝም?"

"እማዬ፣ የመጣሁ ቀን ምን አሉኝ? 'በዚህ ቤት ሰው እያለፈ ዝም ብላ የምትበላ ምራት የለችም' አላሉኝም?"

"ብያለሁ።"

"ሰው አለፈ።"

"ታዲያ ሌላ ነገር አትበዪም ነበር?"

ሴላይና ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፈች። ሸርጣን፣ ማንጎ፣ አናናስ፣ የቆርቆሮ ሥጋ፣ የዳቦ ፍሬ፣ ዓሣ፣ ሌላውንም ሁሉ። ሁለቱም እጆቿ ጭብጥ ሆኑ። "የቱን ልብላ?" አለች። አልተቆጣችም፤ የምሯን ነው የጠየቀችው።

ፉአቲኖ ሰሌኑ ላይ ቁጭ አለች። ስትሸነፍ አይቼ አላውቅም፤ ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፣ ደስ አላለኝም።

በማግስቱ በእግሯ ክሊኒክ ሄደች። ኢሊ እንደነገረችኝ በር ላይ ቆማ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀችው። "ኦክቶፐስ በወተት አልፎ ልጅ ይገድላል?"

"አይገድልም፣ እማማ" አለቻት ኢሊ። "የምታጠባ እናት አስካሪ መጠጥና ሲጋራ ትተው። ሌላውን በደንብ እየበሰለ ትብላ፣ ውሃ ትጠጣ። ለልጁ የማይስማማው ነገር ካለ ያንኑ አንዱን እናያለን። የርስዎ ልጅ በምን እንደሞተ ዛሬ ላይ ሆኜ አላውቅም፤ በበሉት ነገር ግን አይደለም።"

ፉአቲኖ ክሊኒኩ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ሃምሳ አምስት ዓመት ሙሉ የራሷን ልጅ የገደለች መስሏት ኖራለች። ኢሊ ስትነግረኝ እኔም እንባዬ መጣ።

ማልቀሱ ሲበቃት ዓሣ አጥማጆቹ ዘንድ ሄዳ ትልቁን ኦክቶፐስ መረጠች። ቤቷ ገብታ በኮኮናት ወተት ለረጅም ጊዜ ቀቀለችው፣ ጎደሬም ጨመረችበት። ከዚያ ያላየነውን ነገር አደረገች፤ በጠራራ ፀሐይ የቤቱን ሰሌን መጋረጃዎች በዙሪያው ለቀቀች። በእኛ ዘንድ ቀን መጋረጃ የሚወርደው ሰው ሲሞት ነው።

መንደሩ ተተረማመሰ። ሕፃኑ ሞተ ተባለ። ሴቶቹ ለሐዘን የሚሰጠውን ሰሌን ጠቅልለው መጡ፣ ባለ ሱቁ ካርቶን ሙሉ የቆርቆሮ ዓሣ ተሸክሞ መጣ። አለቃ ሉፔ መጋረጃው ፊት ቆሞ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ የሐዘን ንግግሩን ጀመረ። የጥንት አባቶቻችን ከመጡበት ጀልባ ተነስቶ ገና ወደ አያቶቻችን ሳይደርስ መጋረጃው አንድ ስንዝር ከፍ አለና የፉአቲኖ ፊት ታየ።

"ማንም አልሞተም። ምራቴ እየበላች ነው።"

አለቃ ግራ ገባው። "ብቻዋን?"

"ብቻዋን።"

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። የኦክቶፐሱ ሽታ በመጋረጃው ሥር እየወጣ ነበር፤ ማንም ግን ወደፊት አልተራመደም።

"ልጅቷን ያስራብኳት እኔ ነኝ" አለች ፉአቲኖ፣ ሁሉም እንዲሰማ። "እናንተም አግዛችሁኛል። ካርቶኑን እዚያው አስቀምጡና ሂዱ።"

ወሩን ሙሉ መጋረጃው በምሳ ሰዓት ይወርድ ነበር። እኔ በሌላ መንገድ መሄድ ጀመርኩ።

ማክሰኞ መጣ። ቁጥሩን እንሰማ ብለን ወንዶቹም ከኮሚቴው ቤት ውጭ ተኮለኮልን። ፔኒአታ ከረጢቱ ውስጥ ሆኖ እግሩን ያወራጫል። ኢሊ እስኪረጋ ጠበቀችና "አምስት ኪሎ ከአራት" አለች። ሴቶቹ አጨበጨቡ።

ፉአቲኖ አላጨበጨበችም። "ድገሚው" አለች። ተደገመ፣ ያው ነው። እስክሪብቶዋን አንስታ ጻፈችና ቀና አለች። "አሁን እሷን።"

"ማንን?"

"ሴላይናን።"

"እማማ፣ ይሄ የሕፃን ሚዛን ነው" አለች ኢሊ።

ፉአቲኖ ወደ ውጭ አየችና ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ። "ኦፌ፣ ብዙ በልተሃል፣ ተሸከም። የጎደሬውን ሚዛን ከሱቅ አምጣ።" አመጣሁ። ሴላይና እያፈረች ወጣችበት። ኢሊ የክሊኒክ ካርዷን አየች። ወሩን ሙሉ በልታም፣ ከወለደችበት ሳምንት ይልቅ ስምንት ኪሎ ጎድሎባታል።

ፉአቲኖ መዝገቡን ወደ ኋላ ገለጠችው። በሃያ ዓመት ውስጥ የተመዘኑ ሕፃናት ስም በእጇ ጽሑፍ ተደርድሯል። የእናት ክብደት የሚጻፍበት ቦታ ግን የለውም። ማስመሪያ ተውሳ ከዳር አንድ መስመር አሰመረች፣ የሴላይናን ቁጥር ከልጇ ጎን ጻፈች፣ ከዚያ ቀጣይዋን ጠራች። ከወለደች ገና አንድ ወሯ የሆነ ልጅ እግር እናት ናት፤ ሚዛኑ ላይ ወጣች።

"ዛሬ ጠዋት ምን በላሽ?" አለቻት ፉአቲኖ።

"እማማ፣ እውነቴን ነው፣ ከከለከሉት አንዱንም አልነካሁም።"

"ያልበላሽውን አልጠየቅሁሽም።"