አንድ ጣት ማር

ባለፈው ቅዳሜ ሰፈራችን ውስጥ በተከፈተ ባዛር አንዲት ልጅ የማር ማንኪያ ይዛ ተከተለችኝ። ሳሙና ልገዛ ነበር የገባሁት። ከኋላዋ በተደረደሩት የፕላስቲክ ዕቃዎች ላይ «የጉና ነጭ ማር» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። «እማማ፣ ይቅመሱልኝ፤ መግዛት ግዴታ አይደለም» አለችኝ። እንዳልሰማ ሆኜ አለፍሁ። ዞራ ከፊቴ መጣች። ማንኪያው ከከንፈሬ አንድ ስንዝር ያህል ሲቀረው ቆመ፤ ሽታው ግን ቀድሞት ደረሰ። የመለስሁላትን ቃል ለመጨረሻው አቆየዋለሁ።

ማር ገዝቼ አላውቅም። እንግዳ ይዞልኝ ቢመጣም ለጎረቤት እሰጠዋለሁ። ሰው ስኳር በሽታ ያለብኝ ይመስለዋል። እኔም እንዲመስለው እተወዋለሁ፤ የሆዴን ለሰው መናገር ልማዴ አይደለም፤ ዱሮም አልነበረም። ነገሩ ሁሉ የተበላሸውም በዚህ ነው።

መንግሥት ከተለወጠ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። እኔ አዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርሁ። እናታችን ከሞተች በኋላ ታናሽ እህቴን የሺን የማኖራት እኔ ነበርሁ። የሺ በዚያ ዓመት ክረምት ታመመች። ሐኪሞቹ ጉበት ነው አሉ። ግን ዘመኑ ክፉ ነበር፤ የከሳ ሰው ሁሉ በአንድ በሽታ ብቻ የሚጠረጠርበት ዘመን። የየሺ እጮኛ እናት ልትጠይቃት መጥታ ካልጋው ርቃ ተቀመጠች፤ ያቀረብሁላትን ውኃ ሳትነካ ተነሥታ ሄደች። ብርጭቆው እንደሞላ ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ያቺን ሴትዮ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

እናታችን የደብረ ታቦር ሰው ነበረች። ከገሳይ በላይ፣ በጉና ጥግ ስላለች የማርያም ጠበል ስታወራ ነው ያደግነው። የሺ መስከረም ሲጠባ «እትዬ፣ እዚያ ውሰጂኝ» አለችኝ። እሺ አልኋት፤ ግን ማንም እንዳይሰማ ብዬ አስማልኋት። ጠበል ሄዱ ከተባለ «ምን ይዟት ነው?» ይመጣል። ደብረ ታቦር ያሉት የእናታችን ዘመዶች ደግሞ ከሰሙ ወሬው አዲስ አበባ ለመድረስ ሦስት ቀን አይፈጅበትም። ስለዚህ ለመሥሪያ ቤትም ለጎረቤትም አገር ልናይ ነው አልሁ። የሥራ ባልደረባዬን ካሜራ ተዋስሁ። ፊልም አልገዛሁለትም፤ የያዝሁት ለመታየት እንጂ ለማንሣት አልነበረም። ከዘመድ ቤት እንዳናርፍም ወሰንሁ። ጎብኚ ሆቴል ነው የሚያርፈው።

ጥቅምት ነበር። ከባሕር ዳር እስከ ወረታ ያለው ሜዳ ጤፉ ሊያጎነብስ ተቃርቧል፤ ከዚያ በኋላ መኪናው ዳገቱን ሲይዝ አየሩ እየቀጠነ፣ ነፋሱ በመስኮት እየገባ የሺ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናነበች። ግን ደስ ብሏት ነበር። በሽታ የያዘው ሰው መንገድ ሲጀምር የሚያገኛት ትንሽ ደስታ አለች፤ የሚሄድበት ቦታ አለውና። «እማዬ የምትለው ዛፍ ይሄ ይሆን?» እያለች ዛፍ ሁሉ ታሳየኝ ነበር።

ደብረ ታቦር መናኸሪያ ስንወርድ ካሜራውን አንገቴ ላይ ያዩ ደላሎች ከበቡን። አንዱ ሻንጣችንን በአንድ ጆሮው፣ ሌላው በሌላው ያዘ።

«ሆቴል፣ ንጹሕ፣ ሙቅ ውኃ ያለው!»

«እህቶቼን ተዋቸው፣ ከእኔ ጋር ናቸው።»

«መቼ አውቀሃቸው? እኔ ገና መኪናው ሳይቆም ነው ያየኋቸው።»

ሦስተኛው አስጎብኚ ነኝ አለ። ንጉሡ መድፍ ያሠሩበትን ቦታ ላሳያችሁ፣ አብያተ ክርስቲያናቱን ላሳያችሁ እያለ ከጎናችን አልለይ አለ። የሺ አንድ ግንብ ተደግፋ ስትቆም አይቶ «ይቺኛዋ ከወዲሁ ደከማት እንዴ? ፈረንጅ እንኳ እንዲህ አይደክምም» ብሎ ሳቀ፤ የከበቡን ሁሉ ሳቁ። ፊቱ እስከ ዛሬ ይታየኛል፤ የፊት ጥርሱ የተሰበረ፣ አረንጓዴ ሹራብ የለበሰ ሰው ነው። ከዘመዶቻችን አንዱ መጥቶ ተቀብሎን ቢሆን ኖሮ አንዳቸውም ባልነኩን ነበር። ዘመድ የሌለው እንግዳ መናኸሪያ ላይ የሁሉም ነው። ሙቅ ውኃ አለው የተባለው ሆቴል ቀዝቃዛም አልነበረውም።

ጠበል የሚገባ ሰው እህል ውኃ ሳይቀምስ ነው የሚገባው። ስለዚህ ሁለታችንም እራት በጊዜ በልተን ተኛን፤ ጧት ምንም ሳንቀምስ የመጀመሪያውን መኪና ይዘን ገሳይ ወረድን። የገበያ ቀን ኖሯል። ገና ከመኪናው ስንወርድ አጎዛ የያዘው፣ ጋቢ የዘረጋው፣ ሙዳይ ያንጠለጠለችው፣ ትኩስ ድንች የምትሸጠው ሁሉ ወደ ካሜራው መጣ። «እናንተ ጎብኚዎች፣ ወዲህ እዩ!» የጉና ብርድ ከአጥንት ይገባል፤ ከድንቹ የሚወጣውን እንፋሎት ሳይ የራሴ ሆድ ጮኸ። የሺ ግን ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ እጄን ይዛ ነበር የምትሄደው።

በቅሎ ያስፈልገን ነበር፤ የሺ ዳገቱን በእግሯ አትችለውም። አያሌው የሚባል ረጅም ሰው የበቅሎውን ልጓም ይዞ ከፊታችን ተገተረ፤ ሌላ በቅሎ እንዳናይ ወደ ዞርንበት ሁሉ ይዞራል። «ጉናን ሊያዩ የመጡ ሁሉ በእኔ በቅሎ ነው የሚወጡት፣ እመቤቶቼ። ያኛው በቅሎ ገደል ሲያይ ይተኛል» አለ። የጠየቀው የጎብኚ ዋጋ ነበር። እኔም ከእሱ ጋር ክርክር ገጠምሁ።

በዚህ መሐል ነው እናኑ የመጣችው። ክብ ፊት፣ ወገቧን ጠበቅ አድርጋ በመቀነት የታጠቀች፣ የማር ቅል ያቀፈች ሴት። ማሯን ግዙ ከማለቷ በፊት «እኔንም አንሺኝ እንጂ» አለችኝ። እምቢ ብላት የማትለቅ መሰለኝ። ሻሿን አስተካከለች፣ ቅሉን ከደረቷ ላይ አቀፈችና እንደ ወታደር ቀጥ ብላ ቆመች። ባዶውን ካሜራ ወደ ዓይኔ አስጠግቼ ተጫንሁት። ቀጭ አለ።

«ትልኪልኛለሽ?» አለች።

«እልክልሻለሁ።»

«እናኑ ብለሽ ገሳይ ላኪው። እዚህ የማያውቀኝ የለም።»

እኔ ወደ አያሌው ዞርሁ። እሷ ግን ደስ ብሏት ነበርና ጣቷን ቅሉ ውስጥ አጥልቃ፣ በነጭ ማር የተለወሰውን ጣት ወደ የሺ አፍ ዘረጋች።

«ይቅርብኝ፣ እናቴ» አለች የሺ።

«ምነው? እጄ ንጹሕ ነው።»

«እሱን ማለቴ አይደለም።»

«እንግዲያ እጄን አትመልሽብኝ። የሽያጭ አይደለም፤ የፎቶዬ ነው።»

ሰው ቆሞ ያያል። አያሌው «ከእናኑ ማር አምልጦ ጉና የደረሰ አይቼ አላውቅም» ብሎ ሳቀ። የተዘረጋ ጉርሻ መመለስ ነውር መሆኑን የሺ ታውቃለች፤ ለምን እንደምትመልሰው ደግሞ እንዳትናገር አስምያታለሁ። በሁለቱ መሐል ቆማ «እትዬ» ብላ ጠራችኝ።

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ዞር ብዬ እንኳ አላየኋትም። ከበቅሎው ክርክር ሳልወጣ፣ «ቅመሽላትና ትልቀቀን» አልሁ።

ጾሙ ትዝ ያለኝ ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። ስዞር የእናኑ ጣት ከየሺ አፍ እየወጣ ነበር።  የሺ ታላቅ እህቷ ያለቻትን ማድረግ ልማዷ ነበር። ማሩ የታችኛው ከንፈሯ ላይ ሲያብረቀርቅ ሳትጠርገው በቅሎው ላይ ወጣች።

መንገዱ በገብስና በድንች ማሳ መሐል ነው የሚወጣው። ገብሱ መቅላት ጀምሯል። አያሌው ልጓሙን እየሳበ «ያው ጉና፣ አንሺው እንጂ» ይለኛል። እኔ ወደ የሺ ጠጋ ብዬ በሹክሹክታ «አንድ ጣት ነው፤ ለቄሱ አንነግራቸውም» አልኋት።

ጠበሏ ጽድ የከበባት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ሥር ናት። ውኃው ከድንጋይ ወጥቶ በእንጨት አሸንዳ ይወርዳል። ጫማችንን አውልቀን ከሰልፈኛው ኋላ ስንቆም አያሌው ካሜራዬንና ባዶ እግሬን ተራ በተራ አየ። አጥማቂው ሽማግሌ ቄስ ናቸው፤ እያንዳንዱን ሰው ይጠይቃሉ። የየሺ ተራ ደረሰ።

«ልጄ፣ ከትናንት ማታ ወዲህ ካፍሽ የገባ ነገር አለ?»

እጇን ጨመቅሁት። እሷ ግን ቀና ብላ «ማር ቀምሻለሁ፣ አባ» አለች።

«መቼ?»

«ዛሬ ጧት፣ ገሳይ።»

«አባ፣ አንድ ጣት እኮ ነው» አልሁ እኔ። «ከአዲስ አበባ ነው የመጣነው።»

«አንድ ጣትም ቢሆን ማር ነው፣ ልጄ። ነገ ጾማ ትምጣ። ውኃው የትም አይሄድባትም።» አልተቆጡም። መስቀላቸውን አሳልመዋት ከኋላችን ወዳለው ሰው አለፉ።

አያሌው በቅሎውን ይዞ ሲቀርበን ድምፁ ተለውጧል። «ጠበልተኞች ናችሁ እንዴ?» አለ። «ምነው ሳትነግሩን? ጠበልተኛ ብትሉ ያንን ሁሉ ዋጋ እጠራባችሁ ነበር? እናኑስ ማሯን ታስጠጋባችሁ ነበር? እኛ እኮ ስንት ዓመት ጠበልተኛ ስናወጣ የኖርን ነን።»

«ነገ እንመጣለን» አልኋት የሺን ቁልቁለቱ ላይ።

«እመቤቴ አልፈቀደችልኝም፣ እትዬ። አንዴ መልሳኛለች፤ በግድ አልገባባትም።»

ገሳይ ደርሰን ወደ ደብረ ታቦር የሚመለስ መኪና ውስጥ ገባን። መቀመጫው ሞልቶ ሊነሣ ሲል እናኑ እየሮጠች መጣች፤ አያሌው ነግሯት ኖሯል። መስኮቱን በሁለት እጇ ትመታለች።

«ውረዱ! ቤቴ እደሩ! ነገ በማለዳ እኔ ራሴ አወጣታለሁ፣ በጀርባዬም ቢሆን። ምነው ሳትነግሩኝ? የታመመች ልጅ ጾም አስገደፍሁ፤ በእመቤቴ ፊት ምን ልበል?» ታለቅሳለች።

የሺ እናኑን አየቻት፤ ከዚያ እኔን። «እትዬ፣ እንውረድላት ይሆን?» አለችኝ።

መኪናው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ የሺን ያያል። «የታመመች» የሚለው ቃል ተነግሯል። ከኋላችን አንዲት ሴት «ምን ይዟት ነው?» ብላ ስትጠይቅ ሰማሁ። ለእኔ በዚያች ሰዓት የታየችኝ ያልተነካችው የውኃ ብርጭቆ ናት። መስታወቱን ስቤ ዘጋሁት፤ መኪናው ተነሣ። የሺም ነጠላዋን ተከናንባ ወደ ውጭ ዞረች። ዛፍ አላሳየችኝም።

ጥምቀት ሳይደርስ ሞተች። ጠበሉ ያድናት ነበር አልልም፤ ያንን የማውቅ ሰው አይደለሁም። የማውቀው በመጨረሻው ሳምንት፣ ድምፅ ሲያጥራት፣ «እመቤቴን ምን አስቀይሜያት ይሆን?» እያለች ትጠይቀኝ እንደነበር ነው። «የመለሰችሽ እመቤታችን አይደለችም፣ እኔ ነኝ» ማለት ይገባኝ ነበር። አላልሁም። «ዝም በይ፣ አትድከሚ» አልኋት። የእጮኛዋ እናት ለቅሶው ላይ መጥታ ከሁላችን በላይ ጮኸች። ውኃም ስጡኝ ብላ ጠጣች።

ለብዙ ዓመት አረንጓዴ ሹራብ የለበሰውን ስረግም፣ አያሌውን ስረግም፣ ከሁሉ አብልጬ እናኑን ስረግም ኖርሁ። ዛሬም ይቅር አላልኋቸውም። ጉልበተኛ ጣት የሚረገም ነው። ግን አንዳንድ ጊዜ ያቺ ሴት ሻሿን አስተካክላ፣ ቅሏን አቅፋ፣ ቀጥ ብላ ትታየኛለች። ፎቶዋን ስንት ጊዜ ጠይቃ ይሆን እላለሁ።

ባዛሩ ውስጥ ያለችው ልጅ ማንኪያዋን አላወረደችም። «ትንሽ፣ ለምላስዎ ብቻ» አለች።

«ጾም ነኝ፣ ልጄ» አልኋት።

እውነት አልነበረም፤ ጧት ዳቦ በሻይ በልቻለሁ። ልጅቷ ግን ቀኑን አልቆጠረችም፣ የምን ጾም ነው ብላም አልጠየቀችኝም። ማንኪያዋን ቶሎ ወደ ኋላዋ ሸሸገች። «ይቅርታ እማማ፣ አላወቅኩም» ብላ አንገቷን ሰበር አደረገችና መንገዱን ለቀቀችልኝ።

የለቀቀችልኝ መንገድ ላይ ጥቂት ቆምሁ። ሳሙናውን ሳልገዛ ወጣሁ።