የኦቦ ገመቹ ስፖርት

የአክስቴ ካንሰር ከተሰራጨ ወዲህ ለሕክምና ከሰበታ አዲስ አበባ መመላለስ ከበዳት። ስለዚህ የሆስፒታሉ ነርስ በቪዲዮ እየደወለች ስፖርት ታሠራታለች። ስልኩን የምይዘው እኔ ነኝ፤ ስለማፍር እንዳልታይ ከጀርባው እደበቃለሁ።

ባለፈው ሐሙስ አክስቴ አልነሳም ካለች አራተኛ ቀኗ ነበር።

"እግርዎ ጭራሽ እንዳይከዳዎት አምስቴ ብቻ ከወንበር ይነሱ፤ እኔ እቆጥራለሁ" አለቻት ነርሷ።

"ተይኝ ልጄ፣ አልችልም።"

ሊጠይቋት የመጡት ጎረቤታችን ኦቦ ገመቹ ጋቢያቸውን አወለቁ። "አይዞሽ፣ አብሬሽ እሠራለሁ።"

ሁለቴ ከተቀመጡበት ዱካ ተነሱ። በሦስተኛው ግን ቁጭ እንዳሉ ቀሩ።

"ወገቤ" አሉ ቀስ ብለው።

አክስቴ ሳቋ አመለጣት። "እኔን ሊጠይቁ መጥተው?" አለችና እጃቸውን ይዛ ልታነሳቸው ብድግ አለች።

ከስልኩ ውስጥ ነርሷ "አንድ" አለች።