«እጅህ ይባረክ» ያለኝ ሰውዬ

«እጅህ ይባረክ ወንድሜ! ሌላውንም መኪናዬን ካንተ በቀር ማንም አይነካውም!»

ዛሬ ደቡብ አፍሪካ፣ ጆበርግ ያለው ጋራዣችን ውስጥ አንድ ሐበሻ ደንበኛ ነው እንዲህ ያለኝ። የድሮ ሙስታንግ መኪናውን መሪ፣ ከጎማው ከሚያገናኘው ቴስቲኒ ጋር፣ በአዲስ ቀይሬለት፣ ሞክሮት መመለሱ ነበር።

ማስክ አድርጌ ቱታ ለብሻለሁ። «አሜን፣ ግን እጅሽ ይበሉኝ» አልኩት።

ድምፄን ሲሰማ ወደ አለቃዬ ዞረ። «ታደሰ፣ እባክህ ወንድ ይፈትሽልኝ!»

አለቃዬ፣ ያውም የገዛ አጎቴ፣ «ችግር የለም ጋሼ፣ እኔ አየዋለሁ» ብሎ ቁልፉን ተቀበለ። አንድ ብሎን እንኳ ሳይነካ «አሁን ተስተካክሏል» አለው። ሰውዬውም የእሱን እጅ መረቀ።

(መኪናው ግን መሪውን ሴት እንደቀየረችለት እያወቀም ቀጥ ብሎ ሄደ።)

ሁለተኛው መኪና ሲመጣ አጎቴ በተመረቀው እጁ ይሥራው፤ የእኔ እጅ አይነካውም።

«እጅሽ» ለማለት ምላሱ የተሳሰረበት ሰው እናንተስ ገጥሟችኋል? እስቲ ጻፉልኝ።